የአማት ጋቢ

ቅዳሜ ጠዋት ዋቅጋሪ ፊቱን ታጥቦ በጓዳው በር ሲያልፍ ልጁ ቦንቱ እናቷን፣ «ዛሬ እንኳን ዝም ይላል አይደል?» ስትላት ሰማ። ዓለምነሽ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ፣ «እኔ ምን አውቄ፤ አፉ የራሱ ነው» ብላ መለሰችላት። ዋቅጋሪ ያልመጣበትን ሳል ሳለ። ወሬው እንደ ቧንቧ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፤ እናት ወደ ድስቷ፣ ልጅ ወደ ስልኳ ዞሩ። ስለ ማን እንደሚያወሩ ጠየቀ። ስለ ማንም እንዳልሆነ ተነገረው። በዚያ ቤት «ስለ ማንም» ማለት ስለ ዋቅጋሪ ማለት ነው፤ ይህን ካወቀ ዓመታት አልፈውታል። ቢሆንም ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ያቺ «እንኳን» የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆማ ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ጥሎሽ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ በጥር መጥተው ልጅ ስጡን ብለው፣ እሺ ተብለው ሄደዋል፤ ሠርጉ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዛሬ ደግሞ የልጁ ወገኖች ለሙሽሪት ልብስና ጌጥ፣ ለእናቷ ቀሚስ፣ ለአባቷ ጋቢ ይዘው ይመጣሉ። ሙሽራውን ዋቅጋሪ ገና በዓይኑ አላየውም። ፊሊሞን እንደሚባልና ሊፍት እንደሚጠግን ያውቃል፤ በቃ። ቦንቱ ፎቶውን በስልኳ ልታሳየው ሁለት ሦስቴ ሞክራ ነበር፤ «ሰው በስልክ አይታይም፤ በእግሩ ሲመጣ አየዋለሁ» እያለ መለሳት። የሸሸው ፎቶውን ሳይሆን ሊፍቱን ነበር። የጎረቤቱ የዳኜ ልጅ፣ የቤርሳቤህ፣ ባል የባንክ ሰው ነው። እሱ ለጥሎሽ የመጣ ቀን ከረባት አስሮ፣ ጫማው እንደ መስታወት እያብረቀረቀ በዋቅጋሪ በር አልፎ ነበር የገባው። ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው ያለፈው፤ ዋቅጋሪ ግን ዛሬም ድረስ ለሱ ሲባል የተደረገ ይመስለዋል።

ዳኜ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ያለ ጎረቤቱ ነው። በአንድ ቀን ፋብሪካ ገቡ፤ ዳኜ በሦስተኛው ዓመት ካቦ ሆነ፣ ዋቅጋሪ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ያው ዋቅጋሪ ሆኖ ቀረ። ውሃ ወደ ሰፈሩ ሲገባ ቧንቧው ቀድሞ የተተከለው በዳኜ ግቢ ነው። ዋቅጋሪ ጣሪያውን ያሳደሰ ጊዜ፣ ገና የምስማሩ ድምፅ ከጆሮው ሳይወጣ ዳኜ ሳሎኑን ሴራሚክ አነጠፈ። ዳኜ ጴንጤ ነው፣ ዋቅጋሪ የእንጦጦ ማርያምን ንግሥ አንድ ዓመት እንኳ አስታጉሎ አያውቅም፤ ይህ አለያያቸው የሚል ካለ ግን ሐሰት ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ሳህን በአጥሩ ላይ ሲመላለስ ይውላል። ተጣልተውም አያውቁም። እንዲያውም ዋቅጋሪ አንድ ክረምት ታይፎይድ ጥሎት ታክሲ በጠፋበት ሰዓት አዝሎ ክሊኒክ ያደረሰው ዳኜ ነው። ይህም ራሱ ያንገበግበዋል፤ እሱ ዳኜን አዝሎ አያውቅማ።

ሳሎኑ በዚያ ጠዋት የሰው ቤት መስሎ ነበር። የቡፌው መስታወት ተወልውሏል፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ዳንቴል ሶፋው ላይ ተነጥፏል፣ ከእድር የመጡት የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ አፋቸው ወርቃማ የሆነ ብርጭቆዎች ተገልብጠው ተቀምጠዋል። ዋቅጋሪ ከሩቁ አወቃቸው፤ የዳኜ ቤት ብርጭቆዎች ናቸው። የኛ ብርጭቆ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ዓለምነሽ የነሱው እንደማይበቃ፣ ካለውም ግማሹ አፉ የተሸረፈ እንደሆነ ነገረችው። ልግዛ አለ። ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደገባ ታውቃለህ ወይ፣ የዶሮውንስ ዋጋ ሰምተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው፤ መልስ ሳትጠብቅም፣ ሴት በበዛበት ቤት መሃል መገተሩን ትቶ ሱቁን ከፍቶ እንዲቆይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላም መጥቶ እንዲለብስ አዘዘችው። ዋቅጋሪ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። አጥሩ ጥግ ዳኜ የበር መዝጊያ ዘይት ሲቀባ አየውና፣ «እንኳን ለዚህ አበቃህ ዋቄ፤ በሰዓቱ እመጣለሁ» አለው። ዳኜ ከሴት ልጁ ወገን ሽማግሌ ሆኖ ከጎኑ የሚቀመጥ ነው። እንዲቀመጥ የፈለገው ዋቅጋሪ ራሱ ነው፤ ያለ ዳኜ ደስታም ደስታ አይመስለውም፣ ከዳኜ ጋርም ደስታ አይሆንለትም።

ከቤቱ እስከ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ነው። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ ስለሆነ መንገዱ ላይ ሰዉ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው፤ ዋቅጋሪ ደግሞ ጋቢና ነጠላ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሰው ሲያይ ፊቱን ትቶ ትከሻውን ነው የሚያየው። ያቺ የለበሰችው ነጠላ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ያ ሽማግሌ የደረበው ጋቢ ሁለት ሺህ ተኩል፣ እሱም አጥብቆ ካልተከራከረ። ይህ ዓይን እንጀራ አብልቶታል፣ ግን የሰው ስጦታ አስጠልቶታል። ዓለምነሽ ለልደት የሰጠችውን ሹራብ ገና ከፌስታሉ ሳያወጣው ዋጋውን ነግሯት ያውቃል። ልክ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሹራብ ገዝታለት አታውቅም።

ያን ቀን ገበያው ደህና ነበር፤ ለሠርግ የሚሸምተው ብዙ ነው። የሱ ልብ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የሚመጣው ጋቢ ምን ዓይነት ይሆን? የዳኜ አማች ያመጣው ጋቢ በሰፈሩ ስም ያወጣ ጋቢ ነው። ዳኜ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትከሻው አላወረደውም፤ ለቅሶ ቢሆን፣ እድር ቢሆን፣ ማታ በሩን ሊዘጋ ሲወጣ እንኳ ደርቦት ነው። እና የዛሬው ከዚያ ካነሰ? ሊፍት ጠጋኝ ምን ሊገዛ ይችላል? እንዲህ እያብሰለሰለ ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰማያዊውን የብረት በር ጎትቶ ዘግቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሊሄድ ሲል ሸፊ ከመንገዱ ማዶ ጠራው። ሸፊም እንደሱ ጋቢ ሻጭ ነው፤ ሱቁ ግን ከሱ ይሰፋል፣ ዕቃውም ይበዛል፤ ዋቅጋሪ በዚህ የማይናደደው ሸፊ ሰፈሩ ሌላ ስለሆነ ነው። ሸፊ ሰግዶ እስኪመለስ ትንሽ ቁጭ እንዲልለት ለመነው። በዚያ መንገድ ይህ የተለመደ ነው፤ አንዱ ሲሰግድ ወይ ቅዳሴ ሲሄድ ሌላው ይጠብቅለታል፣ ገዢ ከመጣም የመጨረሻውን ዋጋ አውቆ ይሸጥለታል። ሸፊ በመደርደሪያው ላይ ጣቱን እያሳየ የእያንዳንዱን መጨረሻ ነግሮት ወጣ።

ዋቅጋሪ ገና በርጩማው ላይ አረፍ ከማለቱ አንድ ወጣት ከታክሲ ዘሎ ወርዶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ማዶውን በሥርቆት እያየ ገባ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ቁመናው ደህና ነው፤ የሥራ ቱታውን እንኳ አልቀየረም፤ ጥፍሮቹ ሥር የግራሶ ጥቁረት አለ። ለትልቅ ሰው የሚሆን ጋቢ ፈልጎ ነበር። ዋቅጋሪ አንዱን አውርዶ ሲዘረጋለት ወጣቱ ከመንካቱ በፊት መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እንደገና አይቶ ሌላኛውን መዳፉንም ጠረገ፤ ከዚያ ጫፉን ብቻ በሁለት ጣቱ ያዘ። ዋቅጋሪ ይህን ወደደለት። ጋቢ ሊገዛ መጥቶ እጁን የጠረገ ገዢ በስንት ጊዜው አየ።

«ለአባትህ ነው?» አለው።

«ለአማቴ ነው ጋሼ። ማለቴ… ለሚሆኑት። ዛሬ ነው የምንወስደው።»

ነገሩን ሳይጠየቅ ዘረዘረው። ጋቢውን አክስቱ ከክፍለ ሀገር አሠርታ ልትልክለት ነበር፤ ይዞት የሚመጣው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሳይደርስ ቀረ፤ እሱ ደግሞ ጠዋት ሰው ሊፍት ውስጥ ተይዞበት ከሥራ አሁን መውጣቱ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገጩ ወደ ማዶ አመለከተ። «ያ ሰማያዊ በር የሳቸው ሱቅ ነው። ዘግተው ሄደዋል መሰለኝ፣ ተመስገን። ስገዛ ቢያዩኝ አለቀልኝ።»

ዋቅጋሪ ሰማያዊውን በር አየው። ሰው በሩን በሰው ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሲያየው ሌላ በር ይመስላል፤ ከታች በኩል ዝጎ ቀለሙ መላጡን ዛሬ ነው ያስተዋለው። እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ልጁ ይደነግጣል፣ ጉልበት ይስማል፣ ይሳሳቃሉ። ግን ጠዋት ጉሮሮው ላይ የቀረችው አጥንት ወጋችው። ስለ ራሱ የሚወራውን ሳል ሳይስል መስማት የቻለበት ቀን በዕድሜው ዛሬ ብቻ ነው። አፉን መልሶ ገጠመውና፣ ሰውየው እንዴት ያለ ሰው ነው ብሎ እንደ ዋዛ ጠየቀ። ጥሩ ሰው ናቸው ይባላል አለ ልጁ፤ ከሰው የማይጣሉ፣ ሠርተው የሚያድሩ፤ እሱ ግን አይቷቸው አያውቅም፤ ከበድ ይላሉ መሰለኝ አለ።

ስንት እንዳለው ጠየቀው። አራት ሺህ ብር ነበር። ያን ጊዜ የዋቅጋሪ እጅ ከሐሳቡ ቀድሞ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደ። እዚያ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል፣ ሲዘረጋ እንደ ወተት የሚፈስ፤ ሸፊ ከሰባት ሺህ ሁለት መቶ አንድ ብር እንዳትቀንስ ብሎት ሄዷል። ዋቅጋሪ አወረደው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዳኜን ፊት በዓይነ ሕሊናው አየው፤ የዳኜ ጣቶች ጫፉን ሲዳብሱ፣ የዳኜ አፍ ክፍት ሲል። የጎደለውን ከራሱ ኪስ ይሞላዋል፤ ማን ያውቃል? ለራሱ የሚሰጠውን ስጦታ ራሱ ሊከፍል ነው፤ ቢሆንም ሁለት ዓመት የቆየ ነገር የሚዘጋበት ዋጋ ከሆነ ውድ አልመሰለውም። «በአራት ሺህ ውሰደው» አለው።

ልጁ ጋቢውን አየ፣ ዋቅጋሪን አየ። «ጋሼ፣ ችግር አለበት እንዴ?»

«የምን ችግር? የመጀመሪያ ገዢዬ ሆነህ ገበያዬን የፈታህልኝ አንተ ነህ።»

ከቀትር በኋላ ገበያ የሚፈታ ነጋዴ ሁለቱም አይተው አያውቁም። ከዚያ ልጁ ሳቀና፣ ቦንቱ ይህን ብታይ እንደምትቆጣው ተናገረ። ዋቅጋሪ እያጠፈ ነበር። ለምን ትቆጣለች አለ፣ ከእጁ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ርካሹን ግዛ ነው ያለችኝ። ውድም ብታመጣ ርካሽም ብታመጣ አባዬ ከጎረቤቱ ጋር ሲያስተያይ ነው የሚውለው ትላለች። ዳኜ የሚባሉ ጎረቤት አላቸው።» ልጁ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ የቆየ ወዳጁን እንዳገኘ ሰው ወሬውን ያዘ። «ስምንተኛ ክፍል እያለች ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥታ፣ ካርዷን ይዛ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በሩጫ ነው አሉ የሄደችው። ለአባቷ ስትሰጠው አየውና፣ ‹አንደኛ ማን ወጣ?› አላት። የዳኜ ልጅ ነበረች የወጣችው። ቦንቱ ታሪኩን እየሳቀች ነው የምትነግረኝ ጋሼ። ግን ነግራኝ ስትጨርስ ሁሌም ወሬ ትቀይራለች።»

ዋቅጋሪ የተጠቀለለውን ጋቢ በሲባጎ ማሰር ጀመረ። ካርዱን ለማስታወስ ሞከረ። ዳኜ ካቦ የሆነበትን ቀን ያስታውሳል፤ ማክሰኞ ነበር፣ ይዘንብ ነበር፣ ዳኜ የለበሰው ኮት የግራ ቁልፉ አልነበረም። ውሃ የገባበትን ቀን ያስታውሳል። ካርዱን ግን ምንም ቢፈልገው አጣው፤ እንደዚያ ያለ ቀን በቤቱ ያለፈ አይመስልም። ነገሩን ብሏል፤ ልጁ የፈጠረው አይደለም፤ ድምፁ የሱ ድምፅ ነው፤ ሌላ ሰው እንደዚያ ብሎ አይጠይቅም። አንድ ልጅ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትሸከመው የኖረችውን ነገር የጫነባት ሰው መጫኑን እንኳ አላወቀም።

«እና ዛሬስ?» አለ።

«ዛሬማ ፈርታለች። ዛሬ በዚህ ጋቢ ላይ የጎረቤቱን ጋቢ ካነሳ፣ ከሠርጉ በኋላ በዓመት በዓል ካልሆነ እዚያ ቤት አታየኝም ብላለች። የተከራየነው ቤት ኮዬ ነው፤ ጉለሌ ጠፍቶ አይደለም፣ እሷ ናት ሩቅ ይሁን ያለችው። ልጅ ስንወልድ ከማንም ልጅ ጋር እንዲለካብኝ አልፈልግም ነው የምትለው።» ከዚያ ያለልክ እንዳወራ ገባውና አንገቱን አከከ። «ትወዳቸዋለች ግን። በጣም ነው የምትወዳቸው። ባትወዳቸው መቼ ይህን ያህል ትፈራ ነበር?»

ዋቅጋሪ ሲባጎውን ፈታው። የተጠቀለለውን ጋቢ ዘርግቶ፣ አስተካክሎ አጥፎ ወደ ላይኛው መደርደሪያ መለሰው። ልጁ ዋጋው ሊጨመርበት መስሎት ፊቱ ወደቀ። ዋቅጋሪ ያኛው ለሌላ ሰው የተያዘ መሆኑን ረስቶ እንደነበር ነገረው፤ ከመሃለኛው መደርደሪያ ሌላ አወረደለት። ጥሩ ጋቢ ነበር፤ ሳሳ ያለ፣ ለስላሳ፣ ጥለቱ ጠባብ፤ የሸፊ መጨረሻ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ነው፤ ለልጁ የታክሲ ተርፎት በገንዘቡ የሚገዛው። እጁ ላይ ሲያደርግለት ልጁ አሁንም መዳፉን ጠረገ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይወዱት ነበር?»

ዋቅጋሪ ሲባጎውን በጣቱ ላይ ጠቀለለ። የአማት ነገር አይታወቅም አለው በመጨረሻ፤ ሂድ፣ እንዳትዘገይ፣ ይቅናህ። ልጁ ሰማያዊውን በር በሩቁ እየተሸሸገ ታክሲ ውስጥ ገባ። ሸፊ ሰግዶ ሲመለስ ዋቅጋሪ ገንዘቡን ሰጠው። የላይኛው ጋቢ አስተጣጠፉ ተቀይሮ ያየው ሸፊ፣ ገዢ ጠይቆ ነበር እንዴ አለው። አዎ፣ አንድ ሽማግሌ ጠይቆ ተወው አለ ዋቅጋሪ።

ዳገቱን በእግሩ ወጣው። ቤት ሲደርስ ሳይነገረው ታጠበ፣ ሳይነገረው ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ብርጭቆዎቹን አይቶ አላያቸውም። ዓለምነሽ እጇን ግንባሩ ላይ አድርጋ፣ አሞህ ከሆነ ከአሁኑ ተናገር አለችው። ቦንቱ ከመኝታ ቤቱ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ብቅ ስትል አያት፤ ረዥም መሆኗን፣ ትከሻዋ የእናቱ ትከሻ መሆኑን አስተዋለ። የሆነ ነገር ሊላት ፈለገ። ስምንተኛ ክፍል ብሎ የሚጀምር ነገር በዚህ ቀን አይባልም። ደህና ነሽ አላት። ደህና ነኝ አለችው፤ ዓይኗ ግን አፉ ላይ ነበር።

ዳኜ ከሁሉ ቀድሞ መጣ፤ ጋቢውንም ደርቦ ነው የመጣው። ሶፋው ላይ ከዋቅጋሪ ጎን ሲቀመጥ ጋቢው የሁለት ሰው ቦታ ያዘ። ቆይቶ የልጁ ወገኖች ገቡ። ዋና ሽማግሌያቸው አቶ ስብሐት ነጭ ፂም ያላቸው፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝምድና፣ ስለ ዘመኑ ኑሮ ተናግረው ሁሉንም ካሣቁ በኋላ፣ ሙሽራው ገብቶ የአማቶቹን ጉልበት እንዲስም ተጠየቀ። ፊሊሞን ከሚዜው ጋር ገባ። ሱፍ ለብሷል፤ ጥፍሮቹን ፍቆ ፍቆ ነጥተዋል። የዓለምነሽን ጉልበት ስሞ ወደ ዋቅጋሪ ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና ሲል ፊት ለፊት ተያዩ። ልጁ ሊፍት ውስጥ ሁለት ፎቅ መሃል መብራት የጠፋበት ሰው መሰለ። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት እንደገና ጎንበስ ብሎ ያንኑ ጉልበት ደግሞ ሳመ። ሰው ሁሉ ትሕትናውን አደነቀ። ዋቅጋሪ በሁለት ክንዱ ይዞ አነሳው። «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» አለው፤ ክንዱንም ከሚገባው ትንሽ አስረዝሞ ጨበጠው። ልጁ የተባለው ገባው፤ ትንፋሹን ሲለቀው ዋቅጋሪ ሰማው።

ቀሚሱ ታየ፣ ጌጡ ታየ፣ ለዓለምነሽም ተሰጣት። ከዚያ አቶ ስብሐት ጋቢውን አንስተው ዘረጉና ዋቅጋሪ ትከሻ ላይ አደረጉት። ሴቶቹ እልል አሉ። ቦንቱ የጠላውን ትሪ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። እልልታው ሲበርድ ዳኜ እጁን ሰዶ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቱ መሃል አሸት አሸት አደረገው፤ በክፋት አልነበረም፤ ሰው ጋቢ ሲያይ እንደሚያደርገው ነው።

«ጥሩ ነው። ለስላሳ ነው» አለ። «የኔው ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ።»

ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሲነካኩ ተሰማ። ዓለምነሽ መሬት መሬት አየች። ፊሊሞን ጫማውን አየ። ዋቅጋሪ ደግሞ የዳኜን ጋቢ አየ። ማጉ የፋብሪካ ክር ነው። ይህን ጋቢው የመጣ ዕለት፣ ገና በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሲያየው ነው ያወቀው፤ የሚወፍረው ለዚያ ነው፤ በሰፈሩ ስም ያወጣው ጋቢ በሸፊ ሱቅ ቢሆን ታችኛው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረውም፤ ለአንድ ቀን ስሎ ያስቀመጠው ቢላዋ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ይኸው ዛሬ፣ ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ ዳኜ ራሱ በሩን ከፍቶለት። ሦስት ቃል ይበቃል። ሦስቱም ቃላት ምላሱ ላይ ተሰልፈው ቆሙ፤ ካቦነቱ፣ ቧንቧው፣ ሴራሚኩ፣ ያቺ ክሊኒክ ድረስ የታዘለባት ቀን ሳይቀር ከኋላ ሆነው ገፏቸው። ወደ ጓዳው በር አልዞረም። መዞር አላስፈለገውም፤ ልጁ ትንፋሿን እንደያዘች በጀርባው ያውቃል።

ሦስቱንም ቃላት ዋጣቸው። ቀላል አልነበረም።

«ይወፍራል» አለ። «ያንተ ይበልጣል ዳኜ።» ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ደረቱ ላይ ሰብሰብ አደረጋቸው። «ይኼ ደግሞ የኔ ነው።»

ዳኜ ተዘግቷል ብሎ የተደገፈው በር የተከፈተበት ሰው ሆነ። መልስ ጠብቆ ነበር፤ መልስ ለመመለስም ተሰናድቶ ነበር፤ በሠላሳ ምናምን ዓመት ጉርብትና ዋቅጋሪ ያንተ ይበልጣል ብሎት አያውቅም። ጋቢውን ወደ ቀኝ አዞረው፣ ወደ ግራ መለሰው።

«ወፍራምስ ነው፤ ግን ይከብዳል» አለ ቀስ ብሎ። «ትከሻ ይበላል። ማታ ማታ ትከሻዬን ዘይት እያሸሁ ነው የማድረው። ካወለቅሁት ቤርሳቤህ ይከፋታል ብዬ ነው።»

አቶ ስብሐት መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ዳኜም ሳቀ። ዋቅጋሪ ብቻ ወዲያው አልሳቀም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ሰው ጋቢውን ደርቦ በበሩ ባለፈ ቁጥር ለሱ የለበሰለት ይመስለው ነበር። ጎረቤቱን እንደ አዲስ ሰው አየው፤ አንገቱ ጋቢው ባረፈበት በኩል ቀልቷል። «አውልቀው እንግዲህ» አለው፤ «ቤርሳቤህ እዚህ የለችም።» ዳኜ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ሶፋው መደገፊያ ላይ ጣለና፣ ሸክም እንዳራገፈ ሰው እፎይ አለ።

ምግብ ቀረበ፣ ተበላ። ዋቅጋሪ አመሉ አልለቀቀውም፤ የሚዜውን ጫማ ዋጋ ገምቷል፣ የአቶ ስብሐትን ነጠላ ገምቷል፣ የፋብሪካው ክርም ምላሱ ሥር ሆኖ እየበላው አመሸ። ግን አልተናገረውም። ቤቱ በሰውና በወጥ ታፍኖ፣ መስኮቱ ላብ አውጥቶ፣ ወንዶቹ ሁሉ ኮታቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። እሱ ብቻ እንደደረበ ነው፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ሸሚዙን አርሶታል። ዓለምነሽ አንዴ በዓይኗ፣ አንዴ በእጇ አውልቀው አለችው፤ ያላየ መሰለ። ቆይቶ ቦንቱ እንግዶቹን አስተናግዳ መጣችና፣ ፊሊሞን ፊት ለፊት ተቀምጦ እያያቸው፣ ልጅ ሆና እንደምታደርገው ሶፋው ክንድ ላይ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ሞቀህ እኮ» አለችው በጆሮው። «አምጣ ልያዝልህ።»

«ተይው» አለ ዋቅጋሪ፤ «ገና አልጠገብኩትም።»